ቆማ ነው የተገጨችው

ፍሬን እንላታለን። እናቷ ያወጣችላት ስም አላት፤ ግን በሱ የሚጠሯት የሐኪም ቤት ድምፅ ማጉያና ባሏ ብቻ ናቸው፤ ባሏም ሲኮራረፉ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት መንጃ ፈቃድ በያዘች ሰሞን ነው። አረንጓዴ መብራት ስታይ ፍሬን ትይዛለች። አስፋልት ላይ እርግብ ካረፈች ፍሬን ትይዛለች። የቆመ መኪና ስታልፍ፣ ምናልባት ሊነሳ አስቦ ይሆናል ብላ፣ ፍሬን ትይዛለች። ከገበያ ያደረሰቻቸው ሴቶች ሲያሟት የሰማሁት እንዲህ ነው፦ «እንቁላሉ አንድም ሳይሰነጠቅ ቤት ገባ። የተሰነጠቀው የኛ አንገት ነው።»

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት ሰው ገጨች የተባለችው። ያውም ወደ ኋላ ሄዳ!

ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ያን ሰሞን ጥርሷ ከታየ ሊነክስ ነው።

ሰው አገር ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። የምትሠራው የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሆቴሉም የሆስፒታሉም አንሶላ በመኪና እየመጣ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ የሚመለስበት። የተቀጠረችው ምድር ቤት፣ ቆሻሻውን አንሶላ ለይታ ወደ ማሽን የምታስገባ ሆና ነው። ያ ምድር ቤት መስኮት የለውም። እንፋሎቱ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል። አንሶላው ሲራገፍ የማይወጣ ነገር የለም፤ ሹካ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የሰው አርቴፊሻል ጥርስ ሳይቀር። «የዚህን ከተማ ሰው ገመና አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ዝናብ መዝነቡን ግን የማውቀው ከሥራ ስወጣ ነው» ትል ነበር።

የድርጅቱ አሮጌ ሹፌር ጡረታ ሲወጣ፣ አለቃዋ «መንጃ ፈቃድ ያለው ካለ ያመልክት» ብሎ ለጠፈ። ፍሬን መንጃ ፈቃድ ቀርቶ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ተማረች። ወደቀች። ደግሞ ወደቀች። ፈታኙ እንደ ሌላው ሰው ፈጥነሽ ነዳሽ ብሎ አልጣላትም፤ መሪውን ይዛ መሬት ላይ ስለተተከለች ነው የጣላት። «ወይዘሮ፣ መኪና የተሠራው እኮ ለመሄድ ነው» አላት አሉ። በመጨረሻ እሱም ሰልችቶት ይሁን አዝኖላት፣ አሳለፋት። ከዚያ ወዲህ ነጩን የአንሶላ መኪና እሷ ትነዳለች። ከፊቷ ሰፊ መስታወት፣ በግራ መስኮት፣ በቀኝ መስኮት። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ክንዷን ታስነካለች። መንጃ ፈቃዷን ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ጡቷ ሥር ነው የምትይዘው፤ እንደ ክታብ።

አደጋው የደረሰ ቀን ንጹሕ አንሶላ ጭና ወደ አንድ ሆቴል እየሄደች ነበር፤ ጠዋት ነው። ፋርማሲው ጥግ ያለው ዜብራ ላይ አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ልትሻገር ስትል ፍሬን ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዝቀዝ ብሎ ያልፋል። እሷ ቆመች ስል ቆመች ነው፤ ማርሹን አላቅቃ ፎሌ አድርጋ፣ የእጅ ፍሬን ስባ፣ ለእናትዮዋ በእጇ «እለፊ፣ ቀስ ብለሽ» የሚል ምልክት እየሰጠች።

ጓ! አለ ከኋላ።

ወርዳ ስታይ አንድ ሞተር መሬት ላይ ተንጋሏል፤ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ባለሞተሩ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዞ ያቃስታል። የቤት ደላላ ነው፤ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ፎቶው ጥርሱን አግጦ ተለጥፏል። አሁን አላገጠም። ስልኩ አጠገቡ ወድቆ ገና በርቷል፤ ከውስጡ አንድ ሰው «ሀሎ? ሀሎ? ይሰማሃል?» ይላል።

ፍሬን የስልኩን ነገር ለኋላ ብላ ወደ ሰውየው ሮጠች። የኋላውን በር ከፍታ፣ ተተኩሶ የታጠፈ የሆቴል አንሶላ አውጥታ፣ አንዱን ራሱ ሥር አደረገች፣ አንዱን ቀድዳ እግሩን አሰረችለት። «አይዞህ! አይዞህ ወንድሜ! በኔ ይሁን!» እያለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እናትዮዋ ጋሪዋን እየገፋች መንገዷን ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

ትራፊኩ መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው ማንን ነው? ደላላውን። ደላላው የአገሩ ልጅ ነው፤ እግሩ ቢሰበር ምላሱ አልተሰበረም። «ቆሜ ነበር፤ ወደ ኋላ መጥታ ወጣችብኝ» አለ።

ትራፊኩ ወደ ፍሬን ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ባዕድ ሰው ሁሉ ጆሮው የሚከብደው ይመስለዋል። «ለምን ወደ ኋላ መጣሽ?»

ፍሬን የአገሩን ቋንቋ አሳምራ ትናገራለች፤ ከአለቃዋ ጋር ትቀልድበታለች፣ ከአትክልት ሻጩ ጋር ትከራከርበታለች። ስትናደድ ግን ከአፏ ብርር ብሎ ይጠፋል። «ወደ ኋላ የለም! እኔ ቆሜ! እሱ ስልክ! እኔ ቆሜ!»

«ተረጋጊ» አላት።

ሰው እንዲህ በቁሙ ሲዋሽባት፣ በዚያ ላይ ተረጋጊ! ደሟ ፈላ። እጇን አወናጨፈች፣ በአማርኛ ጨመረችበት፣ የእጅ ፍሬኑን ለማሳየት ትራፊኩን በክንዱ ይዛ ጎተተችው። ያ ደግሞ ተጻፈባት፤ «ተቆጥታ ነበር» ተብሎ። አንሶላውም ተጻፈባት። ደላላው አምቡላንስ ውስጥ ሲገባ «ጥፋቱ የሷ ባይሆን እንዲህ ትንከባከበኝ ነበር?» አለ። ትራፊኩ ነገሩ ልክ መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

ማጣራቱ እስኪያልቅ ብለው መንጃ ፈቃዷን ወሰዱት። ከጡቷ ሥር አውጥታ ስትሰጥ እጇ እንቢ አላት። ከተፈረደባት ለዓመት ይታገዳል፤ ማጠቢያ ቤቱ ደግሞ ሹፌር ለዓመት አይጠብቅም። በማግስቱ አለቃዋ «ለጊዜው ነው» ብሎ ምድር ቤት አወረዳት።

«ስሚ» አላት አለቃዋ፣ ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ፤ እሱ ወደ እንፋሎቱ አይወርድም። «ጥፋቱ የኔ ነው በይና እንገላገል። ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል።»

«ኢንሹራንሱ መንጃ ፈቃዴንም ይሸፍናል?»

«እሱን እንኳ…»

«ይህቺን መስኮት የሌላት ጉድጓድስ ይሸፍናታል?»

«አታካብጂው። ደግሞ ሁለት የሆቴል አንሶላ አበላሽተሻል።»

ይህን ጊዜ ነው እቅፏ ውስጥ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ሁሉ እግሩ ሥር የዘረገፈችው። አዲሱ ጫማው ራሰ። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ከማሽኑ ኋላ ገብተው አፋቸውን በክንዳቸው ያዙ።

እስከዚህ ድረስ ጠላቷ የውጭ ሰው ነው፤ ይቻላል። አሁን የቤት ሰው ይመጣል።

ባሏ ታላቅ ወንድም አለው። አምባሳደሩ ይባላል። አምባሳደር ሆኖ አይደለም። የአንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ እብነ በረድ ወለል ዳር፣ ባጅ እያደለ እንግዳ ያስገባል። ብዙ ባለሥልጣን «እንደምን አደሩ» ስላለው አገሩን የሚያስተዳድረው ከነሱ ጋር ተመካክሮ ይመስለዋል። ልብሱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ምላሱ ቅቤ ነው፣ የአገሩን ቋንቋ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራል። ሰው ሳይጠራው ይመጣል፤ ሳይጠየቅ ይመክራል። የአንዱን ጋብቻ አስታርቆ አፋቷል፣ የሌላውን ኪራይ ተደራድሮ አስወጥቶታል። «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ የሰማ ካለ ይምጣና ይመስክር። ባሏን ደግሞ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደገው እሱ ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት አምባሳደሩ ከተናገረ ተናገረ ነው።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ፣ ፍሬን ምድር ቤት ሆስፒታል ከላከው አንሶላ ጋር ስትታገል፣ አምባሳደሩ ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ፣ ፍራፍሬ አስገዝቶ፣ ደላላው የተኛበት ሆስፒታል ሄደ። ባሏም ሄዷል። የሙዙን ከረጢት የተሸከመ እሱ ነው።

ማታ ራት ላይ ነው የነገራት። ደስ ብሎት፣ ምራቁን እየዋጠ።

«ሰውየውን ጠይቀን መጣን።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ደላላውን ነዋ። ወንድም ጋሼ ጉድ አደረጋቸው። እንዴት ያለ ንግግር! ነርሶቹ ሥራቸውን ትተው ሰሙት።»

ፍሬን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን ብሎ?»

«ያው የሚባለውን ነው። እህታችን አጥፍታለች፣ ያጠፋችው ሳታስብ ነው፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ስለ ልጆችዎ ብለው ይቅር ይበሏት…»

«አጥፍታለች አለ?»

«ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ይላል ታዲያ?»

«እሱስ? ሰውየውስ ምን አለ?»

ባሏ ትንሽ አሰበ። «አመሰግናለሁ አለ።»

«ኧረ ምንም አይደል አላለም? ኧረ የኔም ጥፋት አለበት አላለም?»

«እ… አላለም። አመሰግናለሁ ነው ያለው። ደስ ብሎታል። ልጁማ ፎቶ ሁሉ አነሳችን፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ ወንድም ጋሼ ተናግሮ እስኪጨርስ። ጨዋ ልጅ ናት።»

ፍሬን ባሏን አየችው። እንዲህ ስታየው የኖረችበት ዘመን ሁሉ የባከነ መስሎ የታያት ነው የሚመስለው። «አንተ፣ ንግግር እስኪያልቅ ድረስ የሚነሳ ፎቶ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። ማንም አላየም። ቪዲዮ ነበር።

የኛን ሰው ይህን አመል ማን ለደላላ ያስረዳ? እኛ ሰው ፊት ራሳችንን ዝቅ የምናደርገው ያ ሰው ይዞ እንዲያነሳን ነው። «አጥፍቻለሁ» ስንል፣ ወዲያው «በፍጹም! ማን አለህ?» እንድንባል ነው። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ያነሳዋል፤ ተቃቅፈን እንለያያለን። ደላላው ግን ወድቀው ሲያያቸው አላነሳም። ጎንበስ ብሎ ኪሳቸውን ፈተሸ እንጂ።

ሳይውል ሳያድር ፋይሉን የያዘችው መርማሪ ጠራቻት። መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰቀለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ የደረቀ አበባ ያላት ሴት ናት። ስልኳን አዞረችና አሳየቻት። አምባሳደሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እህታችን አጥፍታለች» ይላል። ዘመዶቹ ከኋላው ቆመው ከንፈር ይመጥጣሉ። ባሏ ሙዙን እንደታቀፈ ጥግ ላይ ይታያል።

«ቤተሰብሽ አምኗል» አለች መርማሪዋ።

«ቤተሰቤ እዚያ አልነበረም!» አሁንም ቋንቋው ሊጠፋባት ነበር። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው፤ ቋንቋውን የያዘችው ይመስል። «አደጋው ሲደርስ ከነዚህ ሰዎች አንዱም አልነበረም። ይህ ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው የኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ!»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አለ?»

«ሰውየው ኧረ በፍጹም እንዲል።»

መርማሪዋ መነጽሯን ከጸጉሯ አውርዳ አደረገች። «ልረዳሽ። ሳታጠፉ አጥፍተናል የምትሉት፣ አላጠፋችሁም እንድትባሉ ነው?»

«አዎ።»

«ካልተባላችሁስ?»

«ካላለማ ባለጌ ነው!»

መርማሪዋ ልትስቅ ብላ ተወችው። ከዚያ የተናገረችው ግልጽ ነው። ከፍሬን ወገን የእምነት ቃል እስካለ ድረስ ሌላ የምትመረምረው ነገር የለም፤ ሐሙስ ፋይሉን ዘግታ ውሳኔ ትጽፋለች። ያ የተናገረው ሰው ራሱ መጥቶ፣ አለማየቱንና ከሷ አለመስማቱን ከተናገረ ግን ቪዲዮው ይወድቃል። ያን ጊዜ ማን ወደ ፊት፣ ማን ወደ ኋላ እንደሄደ ከነስልኩ ይጣራል።

«ራሱ ይምጣ» አለች። «አንቺ ስለሱ ብትነግሪኝ አይሆንም።»

አምባሳደሩ አልመጣም አለ። እንዲያውም ተቀየመ። ስልክ ላይ ለወንድሙ የተናገረውን ባሏ አምጥቶ ነገራት፦ «ለሷ ብዬ አንገቴን የደፋሁ ሰውዬ፣ አሁን ሄደህ ውሸታም ነኝ በል ትለኛለች? እዚያ መሥሪያ ቤት የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ! እኔ የተናገርኩትን አልውጥም።»

«ታዲያ ምን አልከው?» አለችው ፍሬን።

«ምን ልበለው? ያሳደገኝ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ትንሽ ብትታገሺ። ዓመት ምንድነው? ይሄዳል።»

«ዓመት ምንድነው?» ተነሳች። «ና አብረን እንውረድ ምድር ቤት! ና እንፋሎቱን ጠጣው፣ የሰው ትውከት ከአንሶላ ላይ ፈትገህ ና፣ ከዚያ ዓመት ምን እንደሆነ ንገረኝ! ወንድምህ ሙሉ ልብስ ለብሶ እንዲያምርበት እኔ ጉድጓድ ልግባ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት…»

«ጎረቤት ይስማ!»

ሰማን። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከፍሬን ቤት የወጣ ወሬ እኛ ጋ እስኪደርስ አይቀዘቅዝም። የዚያን ቀን ግን ግድግዳም ባይኖር ኖሮ ምንም አይለወጥም።

ረቡዕ ዕለት ፍሬን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የነጭ ማጽጃ ሽታዋን ይዛ፣ አምባሳደሩ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሄደች። በሩ የሚዞር መስታወት ነው፤ ወለሉ ሰውን ቁልቁል እንደ ውኃ ያሳያል። አምባሳደሩ ከረጅም ጠረጴዛው ኋላ ቆሞ፣ ቦርሳ ለያዙ ሰዎች ባጅ እያደለ፣ ለእያንዳንዱ እንደየማዕረጉ ጎንበስ ይላል። ሲያያት ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

ተሰለፈች። ተራዋ ደረሰ።

«አንቺ፣ ምን ፈልገሽ ነው እዚህ የመጣሽው?» አለ በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

እሷ ግን በአገሩ ቋንቋ ነው የመለሰችለት፤ አዳራሹ እንዲሰማ። ቋንቋው ያን ቀን አልከዳትም። ቀድማ ደጋግማ ተለማምዳዋለች፤ ለመስታወት፣ ለማሽኑ፣ ለአንሶላው። «አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አደጋው ሲደርስ የት ነበሩ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«እንዲሰማ ነው የመጣሁት። አደጋው ሲደርስ የት ነበሩ?»

ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ሰዓታቸውን አዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አምባሳደሩ ወደ ግራ ፈገግ አለ፣ ወደ ቀኝ ፈገግ አለ። «የወንድሜ ሚስት ናት፤ ትንሽ ታማለች» አለ ለሰልፉ።

ይህን ማለት አልነበረበትም።

«አልታመምኩም! ተናድጄ ነው!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ባጆቹ ዘለሉ። «እስኪመልሱልኝ ከዚህ ሰልፍ አልወጣም። ዛሬ ካልነገሩኝ ነገ እመጣለሁ። የምነዳው መኪና የለኝም እኮ! ሥራዬን እርስዎ ሙዝ ይዘው ሄደው ሰጡልኝ! እዚህ እየመጣሁ እውላለሁ፤ ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ፣ ይህ ሰውዬ ያላየውን የሚመሰክር ነው እላለሁ!»

ላብ ሲያልበው ያየው የለም፤ ያን ቀን አላበው። የሚዞረው በር አንድ ትልቅ ሰው ከነአጃቢው አስገባ። አምባሳደሩ ሰውየውን አየ፣ ፍሬንን አየ።

«ነገ እመጣለሁ» አለ በለሆሳስ።

«የት?»

«መርማሪዋ ጋ… እመጣለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሐሙስ ተያይዘው ሄዱ። ባሏ በመሐላቸው ተቀምጧል፤ ሁለት ጎማ መሐል እንደገባ ጠጠር ተኮማትሮ። መርማሪዋ «እንግዲህ ይናገሩ» አለች።

አምባሳደሩ ኮቱን ቆለፈ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ክብርት ሆይ፣ በመጀመሪያ በቤተሰባችን ስም ለደረሰው ሁሉ ጥልቅ ይቅርታ…»

«እንደገና!» አለች ፍሬን፤ ወንበሯ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳ መታ። «እንደገና ሊጀምረው ነው! እጅዎን ከደረትዎ ያውርዱ!»

«አንቺ ልጅ፣ አክብሮት…»

«እጅዎን ያውርዱ ወንድም ጋሼ! አይተዋል ወይስ አላዩም? አንድ ቃል ናት!»

አወረደ። ያለ ደረት ምርኩዝ ሲታይ፣ ባሏ እንደሚለው፣ ወዲያው ያረጀ መሰለ።

«አደጋውን አይተዋል?» አለች መርማሪዋ።

«አላየሁም።»

«አጥፍቻለሁ ብላ ነግራዎት ነበር?»

«አልነገረችኝም።»

«ታዲያ ከማን ሰሙ?»

ጣሪያውን አየ፣ የደረቀውን አበባ አየ። «ከማንም። አልጠየቅኋትም።»

ባሏ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። እሱም አልጠየቃትም። ከአደጋው ቀን ጀምሮ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም «ምን አደረግሽ?» ብሎ ነው የገባው። ፍሬን ወንበሯን ከግድግዳው መልሳ ተቀመጠች።

መርማሪዋ ቃሏን ጠበቀች። ስልኩ ተጣራ። ደላላው ያን ሰዓት ቤት እየሸጠ ነበር፤ «ሀሎ ሀሎ» የሚለው ሰውዬ ተገኝቶ፣ ደላላው እያወራው ሳለ ጓ የሚል ድምፅ መስማቱን ተናገረ። ቆሞ ነበር የተባለው ሰው ታዲያ እየነዳ «ሁለት መንገድ ተሻግሬ እደርሳለሁ» ሲል እንደነበር ታወቀ። መንጃ ፈቃዷን የመለሰችላት ያቺው መርማሪ ናት፤ በመስኮት፣ ያለ አንዳች ቃል፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብቻ ብላ። ደላላው ይቅርታ አልጠየቀም። ትራፊኩም አልጠየቀም። አለቃዋ ደግሞ «አላልኩሽም? ያልቃል ብዬ ነበር» አለ፤ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ መንጭቃ ስትወስድ ጣቱን ፋቀችው።

የሚቀጥለው እሑድ በሩ ተንኳኳ። የባሏ ዘመዶች ናቸው፤ በዚያ ሆስፒታል የነበሩት ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል። ከፊት፣ ከመካከላቸው በዕድሜም በምላስም የሚከበረው ጸጉር አስተካካይ። ከኋላ፣ ከሁሉም ኋላ፣ አምባሳደሩ። ከረጢቱ ውስጥ ሙዝ አለ።

ተቀመጡ። ጸጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህታችን፣ የመጣነው ለዕርቅ ነው። ወንድምሽ አጥፍቷል። ያጠፋው በክፋት አይደለም፣ ለደግ ብሎ ነው፤ ግን አጥፍቷል። እግርሽ ላይ ውደቅ ብትዪውም ይወድቃል። አንቺ ትልቅ ሴት ነሽ፤ ይቅር በዪው።»

አምባሳደሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ሊወድቅ ሁሉ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆየት አለ፣ የሚያነሳው እጅ እየጠበቀ። ሁሉም ፍሬንን ያያሉ። «ኧረ በፍጹም!» የምትልበት ቦታ ነው። «ኧረ ወንድም ጋሼ፣ የኔም ጥፋት አለበት!» የምትልበት። ከዚያ መተቃቀፍ ነው፣ ከዚያ ሙዝ መላጥ።

ፍሬን ተነሳች። ከረጢቱን ከጸጉር አስተካካዩ ጭን ላይ አነሳች።

«አመሰግናለሁ» አለች።

ጠበቁ።

«ማጥፋቱን ስላመናችሁ ነው። አመሰግናለሁ።» ከረጢቱን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች።

አምባሳደሩ ጉልበቱን እንዳጠፈ ነው፤ ልውደቅ ወይስ ልነሳ ብሎ ወንድሙን አየው። ባሏ ግን ወደ ማድ ቤቱ በር ነው የሚያየው። ከዚያ ተነስቶ፣ ታላቁን ከጎነበሰበት ሳያነሳ በአጠገቡ አልፎ፣ ወደ ውስጥ ገባ።

«ስሚ» ሲላት ሰማን፤ ግድግዳው ስስ ነው ብያለሁ። «ያን ቀን እንዴት ነበር የሆነው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ሙዝ የሚነጠልበት ድምፅ ተሰማ።

«ቆሜ ነበር» አለች፤ አሁንም በቁጣ ነው። «ቆሜ! ከዚህ ጀምር። ተቀመጥና ስማ።»